ሥራ ሲከብድበት በድንገት ስለሚጠፋ ኮምፒዩተር

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘወትር የሚነበበው ስለ ሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ ሥርዓትና ስለ ጨረታ ነው። እኔ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ አንድ ጨረታ ሊያሳጣን፣ አንድ ወጣት ሠራተኛም ያለ ጥፋቱ ዕዳ ሊሸከምበት ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፣ ዝም ብሎ ማለፉ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም። ነገሩ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነገር ነው፤ ይኸውም ደብዳቤ ሲጻፍበትና ሒሳብ ሲሠራበት ደኅና ሆኖ ይውላል፣ ከባድ ሥራ በተሰጠው ጊዜ ግን መብራት እንደ ሄደበት ቤት ድርግም ብሎ ይጠፋል።

እኔ የማገለግልበት ንግድ ቤት የወጥ ቤት ቁም ሣጥንና የውስጥ በር እየሠራ ለሕንፃ ባለቤቶች ያቀርባል። በዛሬው ጊዜ ደንበኛ የናሙናውን እንጨት በእጁ ዳስሶ ብቻ አይዋዋልም፤ ወጥ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል፣ የመስኮቱም ብርሃን በየት በኩል እንደሚያርፍበት አስቀድሞ በሥዕል ማየት ይፈልጋል። ይህን የሚያዘጋጀው ወጣቱ ነዳፊያችን ነው። ንድፉን ከጨረሰ በኋላ ነዳፊዎች ሬንደር የሚሉትን ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ የብርሃን ጨረር የትኛውን ገጽ መትቶ ወዴት እንደሚመለስ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት ያሰላል። ደብዳቤ መጻፍ ለዚህ መሣሪያ እንደ መቀመጥ ነው፤ ሬንደር ግን ኩንታል ተሸክሞ እንጦጦን እንደ መውጣት ነው።

በ2017 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሥዕል በማውጣት ላይ ሳለ መጥፋት ጀመረ። የሚያስጠነቅቅ ቃል የለም፤ ሰማያዊ ገጽም አይታይም፤ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማለች፣ ከዚያም ጸጥታ ይሆናል። የጨረታው ሰነድ የሚገባው ግንቦት 27 ቀን ስለ ነበር አሠሪያችን እጅግ ተቈጡ። ወጣቱን ጠርተው «አንተ ልጅ፣ ምን ጭነህበት ነው?» ቢሉት «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም» ብሎ ማለ።

ከዚያም ጠጋኝ ተጠራ። የመጀመሪያው «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ሁለተኛው «ሜሞሪው ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ሜሞሪ ሸጠልን። ሁለቱም ዋጋቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ኮምፒዩተሩም መጥፋቱን ቀጠለ። በዚህ ጊዜ አሠሪያችን አዲስ ኮምፒዩተር እንዲገዛ፣ ጥፋቱም የልጁ ሆኖ ከተገኘ ከደመወዙ እየተቈረጠ እንዲከፈል አሳብ አቀረቡ። ልጁ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቶ «እትዬ፣ ምን ይሻለኛል?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

እኔ የኤሌክትሪክ ትምህርት የለኝም። የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሙያዬም መዝገብ መያዝ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። አንድ ደብተር ወስጄ ዓምድ አሰመርሁበት። ኮምፒዩተሩ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ ሥራው ከተጀመረ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ከጠፋ በኋላ በራሱ ተነሥቶ እንደሆነ ወይም ጠፍቶ ቀርቶ እንደሆነ፣ በክፍሉ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ብለው እንደሆነ፣ ሌላስ ምን ዕቃ ተከፍቶ እንደ ነበር ሁሉ እንዲጻፍ አደረግሁ። ከግንቦት 11 እስከ ግንቦት 15 ቀን ባለው ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋ፤ ዘጠኙም ተመዘገበ።

መዝገቡ ሦስት ነገር አሳየን። አንደኛ፣ በደብዳቤና በሒሳብ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ሁለተኛ፣ የሚጠፋው ሬንደሩ ከተጀመረ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር፤ ወዲያው ተከፍቶ ሥራው እንደገና ሲጀመር ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ የማሳያው መስኮት አብሮ አልጠፋም፤ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ እያሳየ በርቶ ይቆያል። ማሳያውና ኮምፒዩተሩ የተሰኩት በአንድ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ፣ ከግድግዳው የሚመጣው መብራትም ሆነ ዩፒኤሱ በዚያች ቅጽበት አልተቋረጠም ማለት ነው። ጥፋቱ ከሣጥኑ ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ ምንም ወጪ አላስፈለገም፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ በቂ ነበር።

ወደ ምክንያቱ ከመሄዴ በፊት ስለ ዊንዶውስ ማስታወሻ አንድ ቃል ልበል። በዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የሚባል የክንውን መዝገብ አለ። መሣሪያው በድንገት ከጠፋ በኋላ ሲነሣ በዚያ መዝገብ ላይ ከርነል ፓወር የሚል ስምና 41 የሚል ቍጥር ይጽፋል። ሁለተኛው ጠጋኝ ይህን ቍጥር አይቶ «ያውና በሽታው!» ብሎን ነበር። ይሁን እንጂ 41 ቍጥር የሚናገረው ኮምፒዩተሩ በወጉ ሳይዘጋ መቋረጡን ብቻ ነው። ጠዋት በሩን ክፍት ያገኘ ዘበኛ በሩ ክፍት መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ማን እንደ ከፈተው አይናገርም። ነገሩም እንደዚሁ ነው። ሆኖም በዝርዝሩ ውስጥ የስሕተቱ ኮድ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ፣ ዊንዶውስ ስሕተት አይቶ ለመመዝገብ ጊዜ እንኳ አላገኘም ማለት ስለሆነ፣ ጥርጣሬው ከፕሮግራም ይልቅ ወደ ኃይልና ወደ ሙቀት ያዘነብላል። የፕሮግራምና የሜሞሪ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊውን ገጽ አሳይቶ ነው መሣሪያውን የሚያቆመው። ዊንዶውስ ከስሕተት በኋላ በራሱ እንዲነሣ ተደርጎ ስለሚመጣ ግን ሰማያዊው ገጽ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላልና፣ ያን ምርጫ አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ የሚጠፋ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው የሚጠፋው። ወይም ሙቀት በዝቶበት ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ ወይም የሚፈልገውን ያህል ኃይል አጥቶ ይቋረጣል። ሁለቱም የሚገለጡት ሥራ ሲበዛ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ጠጋኙን የሚያሳስተው፣ ባለ ገንዘቡንም የማያስፈልግ ዕቃ የሚያስገዛው ይህ መመሳሰል ነው።

ስለ ሙቀት እንናገር። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተሩ አንጎል የሚጠቀምበት ኃይል ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በላዩ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት የማቀዝቀዣ ብረት ተቀምጦበታል፤ በመካከላቸውም ሙቀት የሚያስተላልፍ ቴርማል ፔስት የሚባል ቅባት ይቀባል፤ ፋን የሚባለው ማራገቢያ ደግሞ በክንፎቹ መካከል ነፋስ ያሳልፋል። ቅባቱ በዕድሜ ብዛት ከደረቀ ወይም ክንፎቹ በአቧራ ከተደፈኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረቡ፣ አንዳንዶቹም በ90 ወይም በ95፣ አስቀድመው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህም ካልበቃ ከዚያ በላይ ሲደርስ መሣሪያውን ጨርሰው ይዘጉታል። ስለዚህ የሙቀት በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ምልክት ያሳያል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ሣጥኑ ሲዳሰስ ይፋጃል።

በዚህ ላይ ለእኛ አገር ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ደጋ አገር የሚሠራ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ወደ አንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያሳልፈው ነፋስ መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። የከተማችን ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሰዋል። በአቧራ የተደፈነ ማቀዝቀዣ ግን በቈላ ከሚያመጣው ይልቅ በደጋ የሚያመጣው መዘዝ ቀላል ነው ብሎ መዘናጋት ስሕተት ነው።

የእኛ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከአናጺዎቹ ሥራ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለየ ነው። ግንቦት 16 ቀን ሣጥኑን ስንከፍተው በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረው ሰጋቱራ እንደ ቡኮ ሆኖ አገኘነው። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅለን፣ ከደጅ አውጥተን፣ ማራገቢያው በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን በብሎወር አጸዳነው። ደረቁን ቅባት በአልኮል ጠርገን አዲስ ቀባንለት። ከጽዳቱ በፊት ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ጭነን ስናይ በሬንደር ጊዜ 100 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ይቆም ነበር፤ ከጽዳቱ በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ በሥራ ጠምደን ብናየው ከ78 አላለፈም። ሁላችንም ደስ አለን። አሠሪያችንም ቡና አስፈሉ።

ሰኞ ግንቦት 18 ቀን ልጁ ሬንደሩን ጀመረ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ጠቅ አለና ጠፋ።

ቀድሞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆይ የነበረው አሁን አራት ደቂቃ ብቻ መቆየቱ ሁላችንንም ግራ አጋባ። «ስታጸዱ አበላሻችሁት» የሚል ቃልም ከአንዳንድ ሰው ተሰማ። ነገሩ ግን ከገባን በኋላ ከዚህ ሁሉ የበለጠ አስተማሪ የነበረው ይኸው የአራት ደቂቃ ነገር ነው። ቀድሞ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን ቀንሶ ይሠራ ስለ ነበር የሚስበው ኃይል አነስተኛ ነበር። ከጽዳቱ በኋላ ሙቀቱ ሲቀርለት በሙሉ ጕልበቱ መሥራት ጀመረ፤ በሙሉ ጕልበቱ ሲሠራም ሙሉ ድርሻውን ኃይል ጠየቀ። ስለዚህ አቧራው አንዱ በሽታ ሳለ ሌላውን በሽታ ሸፍኖት ነበር። ሁለተኛው በሽታ የኃይል እጥረት ነው።

ኃይል የሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው፣ ከኮምፒዩተሩ በስተኋላ የራሱ ማራገቢያ ያለው የብረት ሣጥን ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በዛሬ ኮምፒዩተር ከባዱን ሸክም የሚሸከመው የ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት ከእርሱ ነውና። ኤቲኤክስ የተባለው ደንብ ይህ መስመር ከ11.4 እንዳያንስ፣ ከ12.6 ቮልትም እንዳይበልጥ ያዛል። ከአቅም በላይ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርዳል፤ ወይም በውስጡ ያለው መከላከያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቈርጣል። ጠቅ የምትለው ድምፅ ከዚያ የምትመጣ ናት።

እዚህ ላይ ነጋዴዎች በተለይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው የማሸጊያውና የሰሌዳው ነገር ነው። በእኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቅ ቍጥር 500 ተብሎ ተጽፎበታል። በጎኑ የተለጠፈውን ሰሌዳ በመነጽር ስናነብ ግን የ12 ቮልቱ መስመር አቅም 25 አምፔር ይላል። ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ነው፤ 12 ጊዜ 25 የሚሆነው 300 ነው። የተቀሩት 200 ዋት ከባዱ ሥራ በማይፈልጋቸው መስመሮች ላይ የተደመሩ ናቸው። ይህ ሐሰት ተጽፏል ለማለት አይደለም፤ የሁለት ጎተራ እህል በአንድ ላይ ቈጥሮ ከአንዱ ብቻ ለሚሰፍር ደንበኛ እንደ መንገር ነው። የዕቃው ክብደትም አንድ ምስክር ነው። በጎ ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ከባድ መዳብና ብረት ስላለው በእጅ ሲመዘን ይታወቃል፤ የእኛው ግን ባዶ ጣሳ ይመስላል። ከኬዙ ጋር በአንድነት ተሽጦልን ነበርና ማንም ትኵረት አልሰጠውም።

ቀጥሎ ወጪውን አሰላን። ፕሮሰሰራችን ኮር አይ 7-12700 የተባለው የኢንቴል ሥራ ነው። በስሙ የሚነገርለት 65 ዋት ቢሆንም በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ እስከ 180 ዋት እንደሚደርስ ሠሪው ራሱ ይገልጻል፤ ብዙ ማዘርቦርዶችም የጊዜ ገደቡን ስለሚያነሡት በዚያ መጠን ሳያቋርጥ ሊቆይ ይችላል። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ እርሱም 170 ዋት ይፈልጋል። ማራገቢያዎችን፣ ዲስኮችንና ማዘርቦርዱን 50 ዋት እንበላቸው። ድምሩ 400 ይሆናል፤ ከዚህም 350 ያህሉ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ መስመር የሚወሰድ ነው። ገቢ 300፣ ወጪ 350። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለማንበብ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የካርዱ ሠሪ ኩባንያ ለዚህ ካርድ ቢያንስ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲደረግ ይመክራል። ካርዱ በ2016 ዓ.ም. ሲጨመር ይህን የጠየቀም የነገረንም ሰው አልነበረም።

አንባቢ «ካርዱ ከገባ ከዓመት በላይ ሆኖት ለምን በግንቦት ብቻ መጥፋት ጀመረ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ልጁን ይህንኑ ጠየቅሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። በሚያዝያ መጨረሻ የጨረታውን ሥዕሎች ለማፋጠን ብሎ፣ ቀድሞ በፕሮሰሰሩ ብቻ ይሠራ የነበረው ሬንደር በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ በአንድነት እንዲሠራ አንዲት ምርጫ ነክቶ ነበር። ምንም አልነካሁም ብሎ የማለው ሐሰት ለመናገር አይደለም፤ ይህን መንካት ብሎ ስላልቈጠረው ነው። ነገሩን ለአሠሪያችን ሳስረዳ ሁለቱን ቍጥሮች፣ 300ንና 350ን፣ በወረቀት ላይ አስቀምጬ አቀረብሁ። እርሳቸው በቍጥር የሚያምኑ ሰው ናቸውና «ታዲያ ልጁ ሥራ ሊያፋጥንልን ነው እኮ የፈለገው» አሉ። የደመወዙ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ሆኖም ግምት በፈተና ካልተረጋገጠ ያው ግምት ነው። ለፈተናው ሁለት በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። ፕራይም 95 የተባለው ፕሮሰሰሩን ብቻ በከባድ ስሌት ይጠምዳል። ይህ ፕሮግራም በመሠረቱ የተሠራው እጅግ ታላላቅ የሆኑ፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር በሌላ የማይካፈሉ ቍጥሮችን ለመፈለግ ሲሆን፣ ሥራው አድካሚ ስለሆነ ኮምፒዩተር መፈተኛ ሆኖ ቀረ። ፈርማርክ የተባለው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ያደክማል። ክፍት የነበረውን ሥራ ሁሉ አስቀምጠን፣ የደንበኞቹን ሰነድ በሌላ ዲስክ ገልብጠን፣ የሙቀቱን መጠን እያየን ፈተናውን ጀመርን። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 30 ደቂቃ ሠራ፤ አልጠፋም። ካርዱ ብቻውን 15 ደቂቃ ሠራ፤ አልጠፋም። ሁለቱ በአንድነት ሲጀመሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጠፋ፤ ሙቀቱ ገና 70 ዲግሪ ነበር። ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን፣ ይኸውም ካርዱ ብቻውን ሲሠራ ቢጠፋ ካርዱን ወይም የሚመግበውን ገመድ፣ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲሠራ ቢጠፋ ማቀዝቀዣውን ወይም የማዘርቦርዱን የኃይል ክፍል እንጠረጥር ነበር። የላላ መሰኪያም እንዲሁ ያታልላልና ገመዶቹን ሁሉ ነቅሎ በደንብ መልሶ መሰካት ከፈተናው በፊት የሚደረግ ነው።

ይህን ፈተና ለብዙ ሰዓት ማራዘም አይገባም፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ሲጨነቅ ሌላውን ዕቃ ይዞ ሊሞት ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መፍታት ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ያሉት ኃይል አጠራቃሚዎች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ በቂ አቅም ያለው ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። እኛም ከጎረቤት ማተሚያ ቤት የ650 ዋት ተውሰን ግንቦት 21 ቀን ሞከርን፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድነት ግማሽ ሰዓት ሠሩ። በዚህ ሙከራ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ገመዶቹ ከሣጥኑ የሚነቀሉ ናቸው። የአንዱን ገመድ በሌላው ላይ መሰካት አይገባም። ጫፉ ልክክ ብሎ ቢገባም በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቅደም ተከተል ከሠሪ ወደ ሠሪ ስለሚለያይ፣ የሰነዶቻችሁ ማኅደር የሆነውን ዲስክ በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል። ፓወር ሰፕላይ ሲለወጥ ገመዱም አብሮ ይለወጥ።

ገንዘብ ለጊዜው ለማይገኝለት ሰው ማስታገሻ አለ። በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ምርጫ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ቢያደርጉት፣ አብዛኛው ፕሮሰሰር ከመደበኛው በላይ የሚሮጥበትን ፍጥነት ይተዋል፤ የሚስበውም ኃይል በብዙ ይቀንሳል። ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቋረጥም። እኛም አዲሱ ዕቃ እስኪገዛ ሁለት ቀን በዚህ ቆየን።

ስለ ዩፒኤስ ያየነውንም ልጨምር፤ በዚህ ጕዳይ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም በሌላ ቤት ወንጀለኛው እርሱ ሊሆን ይችላልና። በጽሕፈት ቤቶች በብዛት የሚታየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በዋት ሲቈጠር አብዛኛውን ጊዜ ከ400 አይበልጥም። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከሚወስደው ጥቂቱን በሙቀት ስለሚያባክን፣ በውስጥ 400 ዋት የሚያቀርብ ከግድግዳው 470 ያህል ሊስብ ይችላል። መብራት ለአፍታ ሲያንገራግር ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዛወራል፤ ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበትም ሁሉን ይጥላል። የዚያን ጊዜ ግን ማሳያውም አብሮ ይጠፋል፤ ከላይ የተናገርሁት ልዩነት ይህ ነው። የእኛን ዩፒኤስ ስናይ ሌዘር ማተሚያውም በእርሱ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ማተሚያው ቀለሙን በወረቀት ላይ ለማጣበቅ የሚግል ክፍል አለው፤ በሚግልበት ቅጽበት የሚወስደው ኃይል ከኮምፒዩተሩ ይበልጣል። ወዲያው ነቅለን በቀጥታ ከግድግዳው ላይ ሰካነው። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ኮምፒዩተርና የቡና ማፍያ ምድጃ አብረው የተሰኩበትን ቤትም በዐይኔ አይቻለሁ፤ የቤቱን ስም አልናገርም።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት የሄድሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሰሌዳውን ማንበብ ለምጄ ነበርና። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበልኝ 700 የሚል ቍጥር የተጻፈበት፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ነበር። አዙሬ የ12 ቮልቱን መስመር ብመለከት 28 አምፔር ይላል፤ ይኸውም 336 ዋት ነው። መልሼ ሰጠሁት። ቀጥሎ ያቀረበው 650 የሚል ሲሆን በ12 ቮልቱ መስመር 54 አምፔር፣ ማለትም 648 ዋት ተጽፎበታል፤ ኃይል የማያባክን ለመሆኑ የሚሰጠው ባለ 80 ፕላስ ምልክትም አለበት። ምልክቱን አስመስለው የሚለጥፉ ስላሉ በእርሱ ብቻ አልተማመንሁም፤ በእጄ መዝኜው ከበደኝ። ዋጋው ከመጀመሪያው እጥፍ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ለዊንዶውስ መጫኛና ለማያስፈልገው ሜሞሪ የከፈልነው ሲደመር ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ለአዲስ ኮምፒዩተር ታስቦ የነበረውን ገንዘብ ሳንቈጥር ነው።

ደረሰኙን ስቀበል ሁለት ነገር አስጻፍሁበት፤ የዕቃውን መለያ ቍጥርና የዋስትናውን ዘመን። ግንቦት 23 ቀን ዕቃው ተገጠመ፤ 25 ቀን ማታ የመጨረሻው ሥዕል ወጣ፤ ሰነዱም በቀኑ ገባ። ደብተሩ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከግንቦት 21 ቀን ወዲህ የተጻፈበት በየሦስት ወሩ ሰጋቱራው የሚጸዳበት ቀን ብቻ ነው። ሜሞሪውን ግን ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎን እስከ ዛሬ አልተቀበለንም።